ወደ መንሸራተቻው በእትዬ ኮከብ ቤት በኩል

ሙሉዬ ከባሏ አፍ ስትሰማው የምትፈራው አንድ ቃል ነበር፤ «በነፃ» የሚለው። ፈቃዱ በነፃ ያገኘው ሶፋ በበሩ አልገባ ብሎ መቃኑን አስነቅሏል። በነፃ ያመጣው ውሻ የጎረቤት ዶሮ ጨርሶ አስታርቁን አስብሏል። ስለዚህ በሐምሌ አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «አልጋውን በነፃ አገኘሁት!» ሲላት ልቧ ስንጥቅ አለ።

የሚኖሩት ኩየራ ነው። ፈቃዱ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሲሆን ሙሉዬ ሻሸመኔ ላይ የልጆች ልብስ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ አላት። አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ሃዊና ሰባት ዓመቱ ገላና፣ ቢሾፍቱ መግቢያ ላይ ወዳለው የውሃ መጫወቻ እንደሚሄዱ ቃል ከተገባላቸው ቆይቷል። አምና ሙሉዬ ታመመች። ካቻምና መንገዱ አላስተማመነም። ዘንድሮ ግን ሰበብ አልቋል። መጫወቻው ለክረምቱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ የመግቢያውን ዋጋ በግማሽ መቀነሱን ያየችው ሃዊ ነበረች፤ ስልኩን ይዛ እናቷን ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ተከታተለቻት።

የሙሉዬ ዕቅድ አጭር ነበር። እሑድ ሄደው ከመጫወቻው አጠገብ አንድ ርካሽ ፔንሲዮን ያድራሉ፤ ሰኞን ልጆቹ ሲጫወቱ ይውላሉ፤ ማክሰኞ ወደ ቤት።

«ፔንሲዮን ምን ያደርግልናል?» አለ ፈቃዱ። «እትዬ ኮከብ ናዝሬት ላይ ባዶ ቤት ይዛ ተቀምጣ!»

እትዬ ኮከብ ታላቅ እህቱ ናቸው። እናታቸው ስትሞት እሱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ይኖራሉ።

«ፈቃዱ፣ ሞጆ ስንደርስ መጫወቻው በግራ ነው፤ ናዝሬት በቀኝ። ልጆቹን ይዘን ጀርባችንን ሰጥተነው ልንሄድ ነው?»

«አንድ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ! ጠዋት ተነስተን በሚኒባስ እንሄዳለን፣ ማታ እንመለሳለን።»

«እህትህስ ዝም ብለው ይሸኙናል?»

«ጠቆም አድርጌያታለሁ፤ ታውቃለች።»

ሙሉዬ ክርክሩን እዚህ ላይ ተወችው። የባል እህት ቤት አላድርም ማለት ትርጉሙ ብዙ ነው።

አድቬንቲስቶች ናቸውና ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ ጉዞው እሑድ ጠዋት ሆነ። ባዶ እጅ ግን አይገባም። ፈቃዱ ራሱ ሻሸመኔ ገበያ ወርዶ አንድ ጆንያ ድንች፣ የቅቤ ቅል፣ ማርና አንድ ፌስታል ጎመን ይዞ መጣ። ዝዋይ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ዓሣ ጨመረ። መቂ ላይ ቲማቲም። ሙሉዬ ጆንያውን በእግሯ፣ ዓሣውን በጭኗ ይዛ፣ ለዚህ ሁሉ የወጣው ብር ፔንሲዮኑ ውስጥ ስንት ሌሊት ያሳድራቸው እንደነበር ማሰላሰል ጀመረችና ለጤናዋ ስትል ተወችው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለች ወደ መስኮቱ ዞራ።

ሞጆ መገንጠያው ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰማያዊ መንሸራተቻ፣ እጆቹን ዘርግቶ የሚጮህ ልጅ፣ ወደ ግራ የሚያመለክት ቀስት።

«እማዬ! ያውና! ያውና!» አለ ገላና።

አውቶቡሱ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

እትዬ ኮከብ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ረጅም፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው ከሦስት ቤት በላይ የሚሰማ ሴት ናቸው። ገላናን ከመሬት አንስተው አገላብጠው ሳሙት፤ ሃዊን አይተው አለቀሱ፤ ሙሉዬን «ከስተሻል፤ ይሄ ልጅ አያበላሽም እንዴ?» አሏት። ግቢው ውስጥ ከጓሮው ዛፍ ሥር አንድ ነጭ በግ ታስሯል።

«ለእናንተ ነው» አሉ እትዬ ኮከብ። «ሐሙስ ይታረዳል። ፍልሰታ ሳይገባብኝ ከወንድሜ ጋር ሥጋ እበላለሁ ብዬ።»

ሙሉዬ ፈቃዱን አየችው። ፈቃዱ በጉን አየ።

«ሐሙስ?» አለችው ጓዳ ሲገቡ። «እሑድ ነው ዛሬ! እስከ ሐሙስ ምን እናደርጋለን?»

«ነገ ሄደን እንመለሳለን እኮ። ሐሙስ በጉን በልተን ዓርብ ወደ ቤት። ምን ክፋት አለው?»

በማግሥቱ ልጆቹ ሳይቀሰቀሱ ተነስተው፣ የዋና ልብሳቸውን ከውስጥ ለብሰው፣ ፎጣቸውን ተሸክመው ሳሎን ቁጭ አሉ። እትዬ ኮከብ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉ።

«ተነስታችኋል? ጎበዞች። ፈቃዱ፣ ለቅሶ አለብን። የጎረቤታችን የአቶ ኪዳነወልድ ሚስት አርፋለች። መምጣትህን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ሳትደርስ ብትቀር እኔን ነው የሚሉኝ።»

ፈቃዱ ሚስቱን አየ፤ ልጆቹን አየ። ከዚያ ኮቱን አነሳ።

ከለቅሶ ቤት የወጡት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናቡም ጀመረ። ገላና ቀኑን ሙሉ የዋና ልብሱን ሳያወልቅ ዋለ። ማታ ከአክስቱ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ አባቱ «በሰው ቤት መነዝነዝ ነውር ነው» ያለውን ረስቶ ጠየቀ።

«አክስቴ፣ መንሸራተቻው ጋ መቼ ነው የምንሄደው?»

«ሲያባራ፣ የኔ ጌታ» አሉ እትዬ ኮከብ ፀጉሩን እየደባበሱ። «ምን ያስቸኩልሃል? የትም አይሄድ።»

ሙሉዬ ከማዶ ሆና ይህን ሰማች። ያውቃሉ ማለት ነው! እያወቁ ነው የሚያዘገዩን!

ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤታቸው ዙለይካ ወልዳ ስለነበር አራስ ጥየቃ ተሄደ። ሙሉዬ ገንፎ አገላበጠች፤ ሕፃኑን ታቀፈች፤ ከሴቶቹ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ስትገባ እሷም «ሙሉዬ እባላለሁ፣ የፈቃዱ ባለቤት፣ ከኩየራ» ስትል ዋለች። ተመልሳ ስትመጣ ፈቃዱ የእህቱን የውሃ ታንከር ለማጠብ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አገኘችው።

«ነገርካቸው?» አለችው ከታች።

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች!»

«ይስሙ እንጂ! ነገርካቸው ወይ?»

«ነገ እነግራታለሁ።»

«ታውቃለች አላልክም ነበር?»

«ታውቃለች። ጠቆም አድርጌያታለሁ አልኩሽ እኮ። እርግጡን ነገ እነግራታለሁ።»

ረቡዕ ወለንጪቲ ሆነ። የእትዬ ኮከብና የፈቃዱ አጎት ጋሽ ጉደታ ወገባቸውን ታመው ተኝተዋል። «እስከ ናዝሬት መጥቶ እኔን ሳያይ ተመለሰ ይበሉኝ?» ብለው እትዬ ኮከብ ከመናገራቸው ፈቃዱ ሚኒባስ ሊያቆም ወጥቷል። ሙሉዬ በዚያ ሙቀት ሁለት ልጆች ይዛ ስትጨናነቅ፣ ፈቃዱ ከፊት ወንበር ዞሮ «አየሩ ደስ አይልም?» አላት። ጋሽ ጉደታ ወገባቸው ቢታመምም ጨዋታቸው አልታመመም፤ ፈቃዱ ሕፃን ሳለ ጥጃ አስፈርጥጦ ያመጣውን ጣጣ ሲያወሩ፣ በመሃል ደግሞ ተረሳ ብለው ከመጀመሪያው ሲደግሙት፣ ቀኑ መሸ።

ሲመለሱ ሙሉዬ ፈቃዱን የግቢው ቧንቧ ጋ ያዘችው። እግሩን ይታጠብ ነበር።

«ነገ የመጨረሻ ቀን ነው» አለችው። «ዓርብ ዋጋው ሙሉ ነው፤ እኛም መንገደኞች ነን። ሃዊ ዛሬ መጠየቅ አቁማለች። ገባህ? ጠይቃ ስትሰለች ከማየት ብታለቅስ ይሻለኛል።»

«ነገ እኮ በጉ...»

«በጉን ተወው! እህትህን ነገ ማለዳ ሄደህ፣ 'ልጆቹን መጫወቻ እንወስዳለን፣ ለምሳ አትጠብቂን' በላቸው። በቃ። ከዚህ ውስጥ የትኛው ቃል ነው የሚከብድህ?»

ፈቃዱ አንገቱን ደፋ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ነገሩ ይቀላት ነበር። ይሉኝታ ነው የሚገዛው፤ ታላቅ እህቱ ፊት ሲቆም ደግሞ የአርባ አራት ዓመት ሰው መሆኑ ይቀርና ጥጃ ያስፈረጠጠው ልጅ ይሆናል።

«እሺ» አለ። «ነገ ጠዋት።»

ሐሙስ ጠዋት፣ እንዳለው፣ ወደ ማድቤት ገባ። ሙሉዬ ልጆቹን አዘጋጅታ በር ላይ ቆመች። የእትዬ ኮከብ ሳቅ ተሰማ። የፈቃዱ ሳቅ ተከተለ። ትንሽ ቆይቶ ፈቃዱ ወጣ፤ በሁለት እጁ በቅቤ የሚያብረቀርቅ ጨጨብሳ የሞላ ሳህን ይዟል።

«ምን አሉ?»

«ቁርስ ብሉ አለች።»

«ሌላስ?»

«ምሳ ላይ የእድሩ ሰዎች ይመጣሉ አለች። እኛን ሊያዩ። አሁን ቃሪያና ሚጥሚጣ ልትገዛ ገበያ እየሄደች ነው።»

እትዬ ኮከብ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው፣ «ብሉ እንጂ፣ እንዳይቀዘቅዝ!» ብለው በአጠገባቸው አለፉ፤ የውጭው በር ተዘጋ።

ሙሉዬ ሳህኑን ከባሏ እጅ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ድምፅዋን ሳታነሳ ወደ ልጆቹ ዞረች።

«ሃዊ፣ ፎጣዎቹን ያዢ። ገላና፣ ጫማህን።»

«ሙሉዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልጆቹን ልወስድ።»

«እኔስ?»

«አንተ መያዣ ነህ። ሁላችንም ከጠፋን ይቀየማሉ፤ አንድ ሰው መቅረት አለበት። ተቀመጥ፣ በጉን እረድ፣ እንግዳ ተቀበል።»

«የት ሄደች ስትለኝ ምን እላለሁ?»

«እውነቱን» አለችና ወጣች።

ባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ሚኒባስ። ወያላው «ደብረ ዘይት፣ ደብረ ዘይት!» ሲል ገላና አብሮት ይጮኽ ነበር። ሞጆን አልፈው ሰማያዊው መንሸራተቻ ከሩቅ ሲታይ ሃዊ የእናቷን እጅ ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

መንሸራተቻው በሥዕሉ ላይ ካለው ያንስ ነበር። ያም ሆኖ ልጆቹ አላስተዋሉትም። ገላና ለትልቁ ቁመቱ ስላልደረሰ መጀመሪያ አኮረፈ፤ ከዚያ ትንሹን አገኘና ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሮ እንኳ «አልበረደኝም!» አለ። ሃዊ ትልቁ ላይ ስትደርስ ፈርታ ቆመች። ከኋላዋ ተሰልፈው የነበሩ ልጆች «ሂጂ እንጂ!» አሏት። ዓይኗን ጨፍና ተለቀቀች፤ ከውሃው ብቅ ስትል እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። ሙሉዬ ዳር ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ሲላላ ተሰማት።

ያኔ ስልኳ ጠራ። እትዬ ኮከብ ናቸው። ዝም አለችው። እንደገና ጠራ። በሦስተኛው አነሳችው።

«ሙሉዬ! ልጄ! ደህና ነሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ነን፣ እትዬ። ምነው?»

«ምነው ትያለሽ? ልጆችሽን ይዘሽ ጥለሽው ወጣሽ! ይሄን ያህል ምን አደረገሽ? ንገሪኝና እኔ ልኩን አስገባዋለሁ። ተመለሽ ብቻ። የሰፈር ሽማግሌዎች እዚህ አሉ፣ የእድሩ ዳኛም አሉ፤ ቁጭ ብለናል። በሽምግልና ያልተፈታ ነገር የለም።»

«እትዬ፣ የምን ሽምግልና ነው? ፈቃዱ ምን አለዎት?»

«ምን ይላል? የት ሄደች ስለው ይርበተበታል። 'ትንሽ ወጣ ብላ ነው፣ ትመጣለች፣ ተቀይማኛለች' ይላል። ሰው አዝኖ ካልሆነ በቀር እንዲህ ይሆናል? ይኸው በጉም ታርዶ፣ የሚበላ ሰው ጠፍቶ ሁላችን አንገታችንን ደፍተናል።»

ሙሉዬ ግንባሯን ያዘች።

«እትዬ ኮከብ፣ የመጣሁት መጫወቻው ጋ ነው። ልጆቹ እየዋኙ ነው።»

«የምን መጫወቻ?»

«የውሃው መጫወቻ ነዋ! ከኩየራ የመጣንበት! ፈቃዱ ነግሮዎት የለም?»

ከስልኩ ማዶ ሰዎች ሲያጉረመርሙ ይሰማል።

«ለእኔ» አሉ እትዬ ኮከብ ቀስ ብለው፣ «'ናፍቀሽናል፣ ልናይሽ እንመጣለን' ነው ያለኝ። አንድ ሳምንት አብረን እንሰነብታለን ብሎ።»

«ገላና እኮ ጠይቆዎት ነበር፤ መንሸራተቻው ጋ መቼ እንሄዳለን ብሎ። ሲያባራ አሉት።»

«እኔማ የሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ግቢ ያለችውን መስሎኝ!» አሉ። «እና የመጣችሁት ለአልጋ ነው በይኛ።»

ሙሉዬ አንድ ልስላሴ ያለው ነገር ልትፈልግ ሞከረች። ባሏ ቢሆን በቀላሉ ያገኝ ነበር። እሷ ግን በዚህ ሳምንት ለስላሳ ነገር ሰልችቷታል።

«አዎ፣ እትዬ» አለች። «ለአልጋ ነው የመጣነው። አልዋሽዎትም። ዛሬ ሳልነግርዎት መውጣቴ ጥፋቴ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ያወቁ መስሎኝ አራት ቀን ሙሉ ስቀየምዎት ነው የከረምኩት።»

እትዬ ኮከብ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያርቁ፣ «አንተ ፈቃዱ!» ብለው ሲጮኹ ሙሉዬ ስልኳን አራቀችው። «አንተ ልክስክስ! እኔ ነኝ እንዲህ ያሳደግኩህ? እሷን በእኔ፣ እኔን በእሷ አቀያይመህ ቁጭ ብለህ አንገትህን ትደፋለህ?» የአንድ ሽማግሌ ሳል፣ የወንበር መንኳኳት፣ የፈቃዱ «እትዬ፣ እኔ እኮ...» የሚል ድምፅ ተከተለ፤ ስልኩ ተዘጋ።

አመሻሹ ላይ ተመልሰው ሲገቡ ዝናብ መትቷቸው ነበር። እንግዶቹ ሄደዋል። ፈቃዱ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ የሰፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከወጡ በኋላ ሰው እንደሚቀመጠው። እትዬ ኮከብ ቀና ብለው ሙሉዬን አላዩአትም። ገላናን ይዘው ፀጉሩን በፎጣ ያሹት ጀመር።

«ጥሩ ነበር?» አሉት።

«አክስቴ፣ አንቺም መውረድ ትችያለሽ! ትልልቅ ሰዎችም ይወርዳሉ!»

«እኔን የሚያወጣኝ ክሬን ነው።»

ሃዊ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ሙሉዬ እርጥብ ልብሶቹን ጓሮ ልትሰቅል ስትወጣ ተከትለዋት ወጡ፤ የገመዱን ጫፍ ይዘው ቆሙ።

«ብትነግሩኝ ኖሮ» አሉ፣ «ሰኞ ጠዋት ስንቅ ቋጥሬ እሸኛችሁ ነበር። ልጅ ደስ ሲለው አልወድም? ለቅሶውም ወለንጪቲውም እኮ አብሬው ወጣ ብዬ፣ ይኸው ወንድሜ መጣልኝ ልል ነው። ከመጣ ሦስት ዓመት ሆነው።»

ሙሉዬ በእጇ የያዘችውን የገላናን ቁምጣ ሳትሰቅል ቆመች። ቁጣዋ አልጠፋም፤ መቀመጫው ተቀየረ።

«እሱንም አልነገረኝም» አለች። «እትዬ ብቻዋን ናት፣ ትናፍቀኛለች ብሎ አያውቅም። ቢለኝ ኖሮ ለብቻው እንመጣ ነበር።»

«እሱ ሲባል!» አሉ እትዬ ኮከብ። «ከልጅነቱ ነው። ሲርበው እንኳ 'ድመቷ የራባት ትመስላለች' ነበር የሚለው።»

ሙሉዬ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። እትዬ ኮከብም ከንፈራቸውን ነክሰው ቆዩና ለቀቁት፤ ሳቃቸው ጎረቤት ደረሰ። ከዚያ ቁምጣውን ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው ሰቀሉት። «ለሚቀጥለው ለእኔ ደውይልኝ» አሉ። «የእሱ ስልክ ይቅርብኝ።»

በዚያ ማታ ጥብሱን ሁለቱ ሴቶች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው በሉ። ፈቃዱን ግን ማንም አላጎረሰውም።

ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ፈቃዱ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ። ሙሉዬ በሦስተኛው «ሰምቻለሁ» አለችው። ከኋላቸው ሃዊና ገላና ማን የበለጠ ውሃ እንደጠጣ ይከራከራሉ። መቂን አለፉ። ዝዋይ ሊደርሱ ሲሉ የፈቃዱ ስልክ ጠራ፤ ስሙን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማነው?»

«ይትባረክ ነው። የአክስቴ ልጅ፣ ዝዋይ ያለው።» አለ ፈቃዱ። «እሑድ ስናልፍ በስልክ... ስንመለስ ምሳ ቤትህ እንበላለን ብዬው ነበር መሰለኝ። ዓሣ እያስጠበሰ ይሆናል። እንደው ለአንድ ሰዓት ብንወርድ...»

«መልስለት።»

«ምን ልበለው?»

ሙሉዬ እጇን ዘረጋች። ፈቃዱ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ ስልኩን ሰጣት።

«ሃሎ፣ ይትባረክ? ሙሉዬ ነኝ፣ እንደምን አለህ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛም እግዚአብሔር ይመስገን። ስማኝማ፣ ዛሬ አንወርድም። ሰንበት ሳይገባ ቤታችን መድረስ አለብን፤ ደክሞናልም። በማስቸገራችን አዝናለሁ... አይ፣ ለአንድ ሰዓትም አንችልም... አመሰግናለሁ፣ ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ።»

ስልኩን መለሰችለት። ፈቃዱ ስልኩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

«አልተቀየመም?» አለ።

«እሺ፣ በሰላም ግቡ አለ።»

አውቶቡሱ ዝዋይ ገብቶ ጥቂት ሰው አውርዶ ጉዞውን ቀጠለ። ሙሉዬ ጫማዋን አውልቃ፣ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ኩየራ እስኪደርሱ ማንም እንዳያናግራት ነግራ ዓይኗን ጨፈነች።